የባትሪ መሰርሰሪያና ኢምፓክት ከመግዛት በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች
ርካሽ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ባትሪው፣ ቻርጀሩና ሥራው መመዘን አለባቸው

በገጠር ቀበሌዎችና በወረዳ ከተሞች በእንጨት ሥራ የሚተዳደሩ ወጣቶች ቁጥር ቀላል አይደለም። ዘመናዊ ቀፎ፣ የዶሮ ቤት፣ የእህል ማስቀመጫ ሣጥን፣ የትምህርት ቤት ዴስክ፣ በርና መስኮት የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ በመዶሻ፣ በእጅ መጋዝና በካቻቪቴ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ገመድ ሳያስፈልገው በባትሪ ኃይል የሚሠራ መሰርሰሪያ በወረዳ ከተማ ሱቆች መደርደሪያ ላይ ሳይቀር ይታያል። ብዙ ጊዜ የሚሸጠውም አንድ መሰርሰሪያ፣ አንድ ኢምፓክት፣ ሁለት ባትሪና አንድ ቻርጀር በአንድ ሣጥን ተጠቃለው ነው።

መሣሪያው ጠቃሚ መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም በቁጠባ ወይም በብድር በተገኘ ገንዘብ የሚገዛ ዕቃ በመሆኑ ስሕተቱ ከባድ ነው። ባትሪው በሦስተኛው ወር ቢሞት መሣሪያው ከሣጥኑ አይወጣም፤ የብድሩ ክፍያ ግን በየወሩ ይቀጥላል። በሌላ በኩል የቀፎ ሠሪዎች ማኅበር ለከባድ ግንባታ ሠራተኛ የተሠራ ውድ መሣሪያ ቢገዛ ለማይጠቀምበት ኃይል ገንዘቡን ያፈሳል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አነስተኛ ገንዘብ ያለው ገዢ ምን መመርመር እንዳለበት፣ የትኛውን ማስቀደም እንደሚገባውና የትኛውን መተው እንደሚችል በቅደም ተከተል ማስረዳት ነው።

የውጭ ምንዛሪ አሠራር ከተለወጠበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ ብዙ ጊዜ ስለሚለዋወጥ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የመሣሪያዎቹ የገበያ ዋጋ አልተጠቀሰም። ዋጋውን ገዢው በዕለቱ ከሁለትና ከሦስት ሱቅ ጠይቆ ማወዳደር ይችላል።

መሣሪያው ከየት ወዴት

በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ እ.ኤ.አ. በ1895 በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ከተማ በፋይን ኩባንያ ተሠራ። ያለ ገመድ በባትሪ የሚሠራውን ደግሞ ብላክ ኤንድ ዴከር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1961 ለገበያ አቀረበ። የዚያን ጊዜው ባትሪ ከኒኬልና ከካድሚየም የሚሠራ በመሆኑ ከባድ ነበር፤ ጉልበቱም ዝቅተኛ ነበር። ከፍተኛው ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የሊቲየም ባትሪ በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ መዋል ሲጀምር ነው። የሊቲየም ባትሪ ቀላል ነው፤ ሳይሠራበት ሲቀመጥ ኃይሉን ቶሎ አያጣም፤ ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ቢሞላም አይጎዳም። ዛሬ በሱቅ የሚገኘው አዲስ መሣሪያ በአብዛኛው ሊቲየም ነው። በባትሪው ላይ የኒኬል ካድሚየም ምልክት ያለበት አሮጌ መሣሪያ ቢቀርብ ግን ዋጋው ዝቅ ያለ ቢሆንም አለመግዛት ይመረጣል።

ሁለት መሣሪያ፣ ሁለት ሥራ

በሣጥኑ ውስጥ ያሉት ሁለቱ መሣሪያዎች በመልክ ቢመሳሰሉም ሥራቸው ይለያያል። ብዙ አናጺዎች ትራፓኖ ወይም ድሪል የሚሉት መሰርሰሪያ ፑንታውን በሦስት ጥርስ ነክሶ ያዞራል። የሚነክሰው አፍ በአነስተኛው መሣሪያ እስከ 10 ሚሊ ሜትር፣ በትልቁ እስከ 13 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፑንታ ይይዛል። በአብዛኛው ሁለት ማርሽ አለው። አንደኛው ማርሽ ቀስ ብሎ በጉልበት የሚዞር ሲሆን ለወፍራም ፑንታና ለቪቴ ይሆናል። ሁለተኛው በፍጥነት የሚዞር ሲሆን ለቀጭን ፑንታ ይሆናል። ከአፉ ኋላ ደግሞ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት አለ። ይህ ቀለበት ቪቴው በተፈለገው ልክ ሲጠብቅ ማዞሩን ያቆማል። ስለሆነም ቪቴ ከእንጨቱ ውስጥ ከመጠን በላይ እንዳይሰምጥ፣ የማጠፊያ ቪቴም አንገቱ እንዳይቆረጥ ይረዳል።

ኢምፓክት ግን የተለየ ነው። ፑንታ የሚነክስ ጥርስ የለውም፤ ስድስት ማዕዘን ያለውና 6.35 ሚሊ ሜትር የሆነ እግር ያለውን ጫፍ ብቻ ይቀበላል። በውስጡ አንድ መዶሻና አንድ ሰንዳን የመሰለ ብረት አለ። ቪቴው ቀላል ሲሆን ዝም ብሎ ያዞራል፤ ሲከብድበት ግን መዶሻው በዙር አቅጣጫ በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ምት እየመታ ያስገባዋል። ምቱ በውስጥ ስለሚያልቅ የሠራተኛው አንጓ አይጠመዘዝም። ረጅም ቪቴ በደረቅ ባሕር ዛፍ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ልዩነቱን በአንድ ቀን ሥራ ያውቀዋል።

የመጠምዘዝ ጉልበት የሚለካው በኒውተን ሜትር ነው። ለመረዳት ያህል 1 ኒውተን ሜትር ማለት 1 ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ 100 ግራም ያህል ዕቃ ሲንጠለጠል የሚፈጠረው ጉልበት ነው። መካከለኛ የባትሪ መሰርሰሪያ ከ40 እስከ 60፣ ኢምፓክቱ ደግሞ ከ120 እስከ 180 ኒውተን ሜትር ይኖረዋል። ለቀፎ፣ ለዴስክና ለበር ሥራ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

በዚህ ላይ ሦስት ነገሮች እንዳይምታቱ ጥንቃቄ ያሻል። አንደኛ፣ ኢምፓክት ድንጋይና ብሎኬት መብሻ አይደለም። ብሎኬት በስቶ ፊሸር ለማስገባት የሚያገለግለው የመዶሻ ምልክት ያለበት መሰርሰሪያ ነው፤ እሱም ወደ ፊት እየመታ ይሰረስራል። ሁለተኛ፣ ኢምፓክት የመኪና ጎማ መፍቻ አይደለም። የጭነት መኪና ጎማ ዳዶ ብዙ መቶ ኒውተን ሜትር ስለሚጠይቅ አራት ማዕዘን ጫፍ ያለው ሌላ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ሦስተኛ፣ ርካሹ ኢምፓክት የጉልበት ማቆሚያ ቀለበት ስለሌለው በትንንሽ ቪቴዎችና በቀጭን ላሜራ ላይ በጥንቃቄ ካልተያዘ ቪቴውን ይቆርጣል ወይም ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

ገንዘቡ ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ መቅደም ያለበት መሰርሰሪያው ነው። መሰርሰሪያ ይበሳል፤ ቪቴም ያስገባል። ኢምፓክት ግን ቪቴ ከማስገባት አልፎ ትክክለኛ ቀዳዳ ለመብሳት አይመችም። ወደፊት ኢምፓክቱ ብቻውን ያለ ባትሪ ሊገዛ እንዲችል ግን አስቀድሞ የአንድ ዓይነት ባትሪ መሣሪያ መምረጥ ያስፈልጋል።

የቮልት ቁጥር እንዳያታልል

በመሣሪያው ሆድ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ቮልት ነው። ገዢን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተውም ይኸው ቁጥር ነው። አንድ የሊቲየም ሴል 3.6 ቮልት ነው። አዲስ ተሞልቶ ሳይሠራበት ሲለካ ከ4 ቮልት ትንሽ ይበልጣል። ሦስት ሴል ሲደረደር 10.8 ቮልት ይሆናል፤ ይህም በገበያ 12 ቮልት ተብሎ ይጠራል። አምስት ሴል ሲደረደር 18 ቮልት ይሆናል። ይህንኑ አምስት ሴል አንዳንዱ ፋብሪካ 18፣ ሌላው 20፣ ሌላው ደግሞ 21 ብሎ ይጽፍበታል። ሦስቱም ቁጥሮች ስለ አንድ ዓይነት ባትሪ የሚናገሩ ናቸው። ስለሆነም 20 የተጻፈበት ከ18ቱ ይበልጣል ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

ከዚህ የባሰው 48 ቪኤፍ፣ 88 ቪኤፍ፣ 128 ቪኤፍ እየተባለ የሚጻፈው ነው። ይህ ጽሑፍ የቮልት ልክ ሳይሆን የማሻሻጫ ምልክት ነው። እውነተኛ 88 ቮልት ለማግኘት ከሃያ አራት የማያንሱ ሴሎች በተከታታይ መደርደር ነበረባቸው። እንዲህ ያለ ባትሪ ደግሞ በአንድ መዳፍ የሚያዝ አይሆንም። በእጅ የሚያዝ ትንሽ ባትሪ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር የተመለከተ ገዢ ሻጩን «በውስጡ ስንት ሴል አለ?» ብሎ መጠየቅና የሴሉን ቁጥር በ3.6 ማባዛት ይበቃዋል።

ሁለተኛው ቁጥር አምፔር ሰዓት ሲሆን ባትሪው ምን ያህል እንደሚይዝ ያመለክታል። ቮልትን የጀሪካን ቁመት፣ አምፔር ሰዓትን ደግሞ የጀሪካን ስፋት አድርጎ ማሰብ ይቻላል። ሁለቱ ሲባዙ ዋት ሰዓት ይሰጣሉ፤ እሱም በጀሪካኑ ውስጥ ያለው ውሃ ነው። 18 ቮልትና 2 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 36 ዋት ሰዓት ይይዛል። በጥሩ ባትሪ ጀርባ ላይ ሦስቱም ቁጥሮች ስለሚጻፉ አባዝቶ ማመሳከር ቀላል ነው። ቁጥሮቹ እርስ በርስ የማይስማሙ ከሆነ ጽሑፉን ማመን አይቻልም።

ባትሪውን በሚዛን መመርመር

ጽሑፍ ይዋሻል፤ ክብደት ግን አይዋሽም። በእነዚህ ባትሪዎች ውስጥ በብዛት የሚገባው ሴል የአውራ ጣት ያህል የሚወፍር ሲሆን 45 ግራም ገደማ ይመዝናል። 18 ቮልትና 2 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ አምስት ሴል ስላለው ሴሉ ብቻ 225 ግራም ያህል ይሆናል፤ የላስቲክ ሽፋኑና ሽቦው ሲጨመር ከ300 ግራም በላይ ይወጣል። 4 አምፔር ሰዓት የተባለው ደግሞ ወይ አሥር ትንንሽ ሴል ወይ አምስት ወፋፍራም ሴል ስለሚያስፈልገው ሴሉ ብቻ ከ350 ግራም ያነሰ ሊሆን አይችልም። እንግዲህ 4 ወይም 5 አምፔር ሰዓት ተብሎ ከነሽፋኑ 300 ግራም የሚመዝን ባትሪ ቢገኝ ጽሑፉ ሐሰት ነው ማለት ነው። ሽንኩርትና ቡና የሚመዘንበት የጎረቤት ሱቅ ሚዛን ለዚህ ምርመራ ይበቃል። ሻጩም ቢሆን ዕቃው ትክክለኛ ከሆነ መመዘኑን አይከለክልም።

አነስተኛ ገንዘብ ላለው ገዢ ከአንድ ትልቅ ባትሪ ይልቅ ሁለት መካከለኛ ባትሪ ይሻለዋል። አንዱ ሲሠራ ሌላው ይሞላል፤ አንዱ ቢበላሽም ሥራው አይቆምም። ባትሪ ቀድሞ የሚያልቅ የመሣሪያው ክፍል ስለሆነ መሣሪያውን ከመግዛት በፊት ያንኑ ባትሪ ለብቻው የሚሸጥ ሱቅ በዞን ከተማ ወይም በአዲስ አበባ መኖሩን ማረጋገጥ ግድ ነው። ምትክ ባትሪ የሌለው መሣሪያ ምንም ያህል ቢረክስ የአንድ ባትሪ ዕድሜ ብቻ ያለው ዕቃ ነው።

የታወቁት ፋብሪካዎችም ቢሆኑ ሁሉም ባትሪያቸው እርስ በርስ አይገጥምም። ለምሳሌ ማኪታ ጂ ተብሎ የሚታወቀው የ18 ቮልት ባትሪው ኤልኤክስቲ ለተባለው ሌላው የ18 ቮልት መሣሪያው አይገባም። ስለዚህ ስሙን ብቻ አይቶ ባትሪ መግዛት አይበጅም። አሮጌውን ባትሪ ይዞ ሄዶ፣ አስገብቶ፣ አሠርቶ መግዛት ነው።

ከውጭ አገር ዘመድ የሚላክ መሣሪያ

አሜሪካ ያሉ ዘመዶች መሣሪያ ገዝተው መላካቸው የተለመደ ነው። መሣሪያው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ ቻርጀሩ ላይ ነው። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን የአገራችን 220 ቮልት ነው። ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ቻርጀር እዚህ ሲሰካ ወዲያው ይቃጠላል። ጠፍጣፋ እግሩን ወደ ክብ የሚለውጠው ትንሹ መሰኪያ ቅርጹን እንጂ ቮልቱን አይለውጥም። ስለዚህ ከመሰካት በፊት በቻርጀሩ ጀርባ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ለሁለቱም አገር ይሠራል። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን ወይ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር መግዛት፣ ወይም ለዚያው ባትሪ የተሠራ የ220 ቮልት ቻርጀር ማስመጣት ይሻላል። ከአውሮፓ አገሮችና ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአብዛኞቹ የሚላከው ለ220 ወይም ለ230 ቮልት የተሠራ ስለሆነ ይህ ችግር ብዙ አይገጥመውም። ከሳዑዲ ዓረቢያ የሚላከውን ግን በአንዳንድ ቦታ ዝቅተኛ ቮልት ይሠራበት ስለነበር ጽሑፉን ማየት አይከፋም።

ይዞ ለሚመጣ መንገደኛ ደግሞ ሌላ ማሳሰቢያ አለ። ከመሣሪያው የወጣ የሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን ሆድ በሚገባው ሻንጣ ውስጥ እንዲጫን አይፈቀድም፤ ከ100 ዋት ሰዓት ያልበለጠው በእጅ ሻንጣ ይያዛል፤ ጫፎቹም እንዳይነካኩ ይሸፈናሉ። መሰርሰሪያውና ፑንታው ግን በሚጫነው ሻንጣ ይገባሉ። 18 ቮልትና 5 አምፔር ሰዓት የሆነው ባትሪ 90 ዋት ሰዓት ስለሆነ በዚህ ወሰን ውስጥ ነው።

መብራት በሌለበት ቀበሌ

ኤሌክትሪክ ያልደረሰበት ቀበሌ ባትሪውን ከምን ይሞላል? አንዱ መንገድ በገበያ ቀን ወደ ከተማ ይዞ መሄድ ነው። ሁለት ባትሪ ላለው ሰው ይህ የአንድ ቀን ሥራ ያሠራዋል እንጂ የሳምንት አይሆንም። ሌላው መንገድ ፀሐይ ነው። ስልክና አምፖል ብቻ የምታበራው ትንሿ የፀሐይ ፋኖስ ለዚህ አትሆንም። 100 ዋት የሚሰጥ ሰሌዳ፣ የመኪና ባትሪ የሚያክል ማጠራቀሚያና 220 ቮልት የሚያወጣ ኢንቨርተር ያስፈልጋል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። 36 ዋት ሰዓት የሚይዘውን ባትሪ ለመሙላት በመንገድ የሚባክነው ተጨምሮ 50 ዋት ሰዓት ያህል ይጠይቃል። 100 ዋት ሰሌዳ በአምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ብክነቱ ተቀንሶ 350 ዋት ሰዓት ያህል ቢሰጥ በቀን ሰባት ያህል ባትሪ ይሞላል። ደመና በበዛበት ክረምት ግን ከዚህ እጅግ ያንሳል። ርካሽ ኢንቨርተር የሚያወጣው ሞገድ የተቆራረጠ በመሆኑ አንዳንድ ቻርጀር ይግልበታል፤ ስለሆነም ንጹሕ ሞገድ የሚያወጣውን መምረጥ፣ ቻርጀሩንም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞሉ በእጅ እየነኩ መከታተል ይገባል።

ይህ ሁሉ ወጪ የማያዋጣው ሰውም አለ። ሥራው ሁልጊዜ መብራት ባለበት አንድ ቤት ውስጥ ከሆነ በገመድ የሚሠራ መሰርሰሪያ ከባትሪው በርካሽ ዋጋ ይገኛል፤ ባትሪ አይለወጥለትም፤ ለብዙ ዓመትም ያገለግላል። ባትሪ የሚያስፈልገው ጣሪያ ላይ ለሚወጣ፣ ከመንደር መንደር ለሚዞር፣ ቀፎ በንብ ማነቢያው ስፍራ ለሚጠግን ሠራተኛ ነው።

ሞተሩና ካርቦኑ

ሞተሩ ሁለት ዓይነት ነው። ርካሹ ዓይነት ካርቦን አለው። ካርቦኑ እየተፋጨ ስለሚያልቅ በየጊዜው ይለወጣል። ውዱ ዓይነት ካርቦን የለውም፤ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ በአንድ ሙሊት ብዙ ይሠራል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ገንዘቡ ከፈቀደ ካርቦን የሌለው ይመረጣል። ካልፈቀደ ግን ካርቦን ያለውን መግዛት ነውር የለውም። ዋናው ነገር ካርቦኑን ከውጭ በካቻቪቴ ፈትቶ መለወጥ የሚቻል መሆኑ ነው። በሐሰት ካርቦን የለውም የሚል ጽሑፍም ስለማይጠፋ በጨለማ ቦታ አሽከርክሮ በአየር መውጫው በኩል ማየት ይቻላል። ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ ካርቦን አለው ማለት ነው።

ባሕር ዛፍ፣ ቪቴና ፑንታ

ጥሩ መሣሪያ ገዝቶ መጥፎ ጫፍ የሚያስገባ ሰው መሣሪያውን ያማል። የመስቀል ቅርጽ ያለው የቪቴ ራስ በመልክ አንድ ቢመስልም ሁለት ዓይነት ነው። ጥቁሩ የጂፕሰም ቪቴ በብዛት ፒኤች 2 የተባለውን ጫፍ ይፈልጋል። ቢጫው የእንጨት ቪቴ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፒዜድ 2 ነው፤ በመስቀሉ መካከል አራት ቀጫጭን መስመሮች ይታዩበታል። ጫፉ ከራሱ ጋር ካልተስማማ ይዘላል፤ ቪቴውም ራሱ ይበላል። ለኢምፓክት የሚሆነው ጫፍ ምት እንዲችል ሆኖ የተሠራው ነው፤ ተራው ጫፍ ይሰበራል።

ደረቅ ባሕር ዛፍ ጠንካራና በቀላሉ የሚሰነጠቅ እንጨት ነው። ኢምፓክት ጉልበት አለው ተብሎ ቪቴው ሳይበሱ በቀጥታ ቢገባ ጣውላው ጫፉ ላይ ይከፈላል። ለ4 ሚሊ ሜትር ቪቴ በ2.5 ወይም በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ አስቀድሞ መብሳት፣ ከጣውላው ጫፍም 4 ሴንቲ ሜትር ያህል መራቅ ይህን ያስቀራል። የሁለቱ መሣሪያ ጥቅም ጎልቶ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። በመሰርሰሪያው ይበሳል፤ በኢምፓክቱ ይታሠራል፤ ፑንታና ጫፍ እያወጡ በማስገባት ጊዜ አይጠፋም።

ለቆርቆሮ ጣሪያ ላስቲክ ያለውን ራሱ የሚበሳ ቪቴ የሚጠቀም ሰው መሰርሰሪያውን በዝቅተኛ ማርሽና በቀለበቱ ልክ ቢሠራበት ይሻላል። ኢምፓክት ያለ ጥንቃቄ ሲጫን ላስቲኩን ይጨፈልቀዋል፤ የተጨፈለቀ ላስቲክ ደግሞ በመጀመሪያው ክረምት ያፈሳል።

በዘመናዊ ቀፎ ሥራ ላይ ልክ መጠበቅ ከምንም በላይ አስፈላጊ ነው። አሜሪካዊው ሎሬንዞ ላንግስትሮት እ.ኤ.አ. በ1851 እንደተገነዘበው ንቦች ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነውን ክፍተት ለመተላለፊያ ይተዉታል። ከዚያ ከሰፋ እንጀራ ይሠሩበታል፤ ከጠበበም በሙጫ ይደፍኑታል። በምስማር የተመታ ቀፎ ከመንደር መንደር ሲጓዝና ፀሐይ ሲያደርቀው ይላላል፤ ክፍተቱም ይዛባል። ቀድሞ ተበስቶ በቪቴ የታሠረ ግን ልኩን ይጠብቃል፤ ሲያስፈልግም ተፈትቶ ይጠገናል።

የጋራ ዕቃ፣ የጋራ ሒሳብ

አምስት አባላት ያሉት አንድ ማኅበር ሃያ ቀፎ የመሥራት ትእዛዝ ተቀበለ እንበል። አንድ ቀፎ 40 ቪቴ ቢወስድ በጠቅላላው 800 ቪቴ ይሆናል። በእጅ ካቻቪቴ ለአንዱ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያስፈልጋል። በኢምፓክት ለአንዱ 6 ሰከንድ ቢፈጅ ሥራው በ80 ደቂቃ ያልቃል። የመብሻው ጊዜ ቢጨመርበትም የሚተርፈው የሥራ ቀን ግልጽ ነው።

ነገር ግን የሚተርፈው ጊዜ የባትሪውን ዋጋ መመለስ አለበት። ምትክ ባትሪ 3,000 ብር ነው፣ 300 ጊዜ ያህልም ተሞልቶ ይሠራል እንበል። እያንዳንዱ ሙሊት 10 ብር ይወጣበታል ማለት ነው። በአንድ ሙሊት 200 ቪቴ ቢታሠር ለአንድ ቀፎ የባትሪ ወጪው 2 ብር ይሆናል። ይህ 2 ብር ከእያንዳንዱ ቀፎ ሽያጭ ላይ ተቀንሶ ለብቻው ካልተቀመጠ፣ ባትሪው በሚሞትበት ቀን ማኅበሩ እንደገና ወደ መዶሻ ይመለሳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ሒሳቡ መያዝ ያለበት ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ነው። ማን እንደሚያስቀምጠው፣ ለማን እንደሚከራይ፣ ሲወጣና ሲገባ ማን እንደሚፈርም በቃለ ጉባኤ መወሰን አባላትን ከጠብ ያድናል።

በሱቅ ውስጥ የሚደረግ ምርመራ

ገዢው ከሻጩ ፊት ሆኖ የሚከተሉትን ቢፈጽም ከብዙ ጥፋት ይድናል።

1. ባትሪውን አስገብቶ በኃይል መነቅነቅ። የሚላላ ወይም የሚንቀጫቀጭ ከሆነ አለመቀበል።

2. ቀጥ ያለ አዲስ ፑንታ አስገብቶ በቀስታ ማዞር። ጫፉ ክብ እየሠራ የሚወዛወዝ ከሆነ የሚነክሰው አፍ ጠማማ ነው።

3. ሁለቱንም ማርሽ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማዞሪያውንም መሞከር። ጣት ሲለቀቅ ወዲያው መቆም አለበት።

4. ቀለበቱን በቁጥር 1 ላይ አድርጎ ቪቴ በእንጨት ውስጥ ማስገባት። ማቆሚያው ካልሠራ መሣሪያው ጉድለት አለበት።

5. በኢምፓክቱ ረጅም ቪቴ በደረቅ እንጨት ውስጥ ማስገባት። ምቱ እኩል መሆን አለበት፤ የተቃጠለ ሽታ መኖር የለበትም።

6. የቻርጀሩን ጽሑፍ ማንበብ፤ ሰክቶም መብራቱ ከቀይ ወደ አረንጓዴ መለወጡን፣ ጊዜ ካለ እስኪሞላ መጠበቅ።

7. ሁለቱንም ባትሪ በየተራ ማሠራትና መመዘን።

8. ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት በማኅበሩ ስም መቀበል።

ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ አውቶቡስ ያመልጠኛል ብሎ ሣጥኑን ሳይከፍት የገዛ ሰው በኋላ ለመመለስ የሁለት ጉዞ ኪራይ ይከፍላል።

አያያዝና ጥንቃቄ

የሊቲየም ባትሪ ጠላቱ ሙቀት ነው። በቆርቆሮ ቤት መስኮት ሥር፣ በምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ሠርቶ የጋለ ባትሪ ቀዝቅዞ ነው የሚሞላው። ለብዙ ሳምንት ሥራ ከሌለ ግማሽ ያህል ተሞልቶ ከመሣሪያው ወጥቶ ቢቀመጥ ዕድሜው ይረዝማል። ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም ውሃ የገባበት ባትሪ እንደገና መሞላት የለበትም፤ እሳት ያስነሣል። ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ በገለባና በሰጋቱራ መካከል ባትሪ መሙላትም ቤት የሚያቃጥል ልማድ ነው።

መሣሪያው ፑንታ ሲለወጥለት አስቀድሞ ባትሪው ይውጣ። ትንሽ እንጨት በአንድ እጅ ይዞ በሌላው መሰርሰር እጅን ያቆስላል፤ በሞርሳ ወይም በማጥበቂያ መያዝ ነው። የኢምፓክት ድምፅ ጆሮን ስለሚጎዳ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ሰው ጆሮውን መሸፈን፣ ላሜራና ብሎኬት ሲበሳም የዓይን መነጽር ማድረግ አለበት። ነጠላና ሰፊ እጀታ በሚዞር ፑንታ አጠገብ ቦታ የላቸውም።

በጠቅላላው፣ ለገጠር አናጺና ለአነስተኛ ማኅበር የሚበቃው ባለ 18 ቮልት፣ ሁለት እውነተኛ ባለ 2 አምፔር ሰዓት ባትሪ ያለው፣ ቻርጀሩ ለ220 ቮልት የተሠራ፣ ምትክ ባትሪው በአገር ውስጥ የሚገኝ መሣሪያ ነው። ከዚህ በላይ የሚጨመረው ገንዘብ በቮልት ቁጥር ላይ ሳይሆን በጥሩ ፑንታ፣ በትክክለኛ ጫፍና ለምትክ ባትሪ በሚቀመጥ ቁጠባ ላይ ቢውል የበለጠ ይጠቅማል።